ጫማ ከተሰቀለ በኋላ፤ ከሐረሩ ራምቦ እስከ ኦልድትራፎርዱ ካንቶና

"ራምቦ ቤት ልውሰድህ?"

ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ወርጄ ዙሪያዬን እንኳ በቅጡ ሳላይ ነው ይህ ጥያቄ የመጣብኝ። ጠያቂው የአርሰናል ማልያ የለበሰ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ራምቦ ማን እንደሆነ ስጠይቀው በአንድ ትንፋሽ "ፈረንጅ ነዋ! ድሮ እዚህ ነበር። ግጥም ይጽፍ ነበር፣ መሣሪያም ይሸጥ ነበር" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ትዝ ያለኝ ሌላ ራምቦ ነው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በ50 ሳንቲም ያየነው፣ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ መትረየስ ታቅፎ የሚሮጠው ሲልቨስተር ስታሎን።

በዚህ ስህተት ብቻዬን አይደለሁም። ኤሪክ ካንቶና እንግሊዝ በገባበት ሰሞን ጋዜጠኞች የሚያደንቃቸውን ሰዎች ሲጠይቁት "ራምቦ" ብሎ ነበር ይባላል። የእንግሊዝ ጋዜጠኞችም ልክ እንደኔ የፊልሙን ጀግና ነው የመሰላቸው። ረጅሙ፣ ኮሌታውን የሚያቆመው፣ በየሜዳው የሚጣላው ፈረንሳዊ ስታሎንን ቢያደንቅ ምን ይገርማል? ካንቶና ግን ያለው ሌላ ሰው ነው። ገጣሚውን አርተር ራምቦን። የዚህችን የሐረርን ራምቦ።

"ይሄ የስፖርት ገጽ አይደለም እንዴ? ግጥም ምን አመጣው?" የምትሉ አንባቢያን ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ወደ ኳስ ይመጣል። እኔም ሐረር የሄድኩት ስለ ራምቦ ልጽፍ አልነበረም። ያመጣኝ ባጃጅ ከኋላው በቀይ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ ትልቅ "7" ቁጥር አለው። ነጂው ያንን ቁጥር ለምን እንደጻፈ ስጠይቀው "በፊት እኔም 7 ነበርኩ" አለኝ። ወሬያችን ከዚያ ነው የጀመረው።

በ20 ዓመቱ የሰቀለው

መጀመሪያ ስለ ገጣሚው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አርተር ራምቦ በ1854 ሰሜናዊ ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። በኳስ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ ልጅ ማለት ነው። በ1871፣ ገና 17 ዓመት ሳይሞላው "ሰካራሟ ጀልባ" የተባለውን ግጥሙን ይዞ ፓሪስ ገባ። የከተማዋ ባለቅኔዎች አፋቸውን ያዙ። ግን ጸባይ የሚባል ነገር አልነበረውም። ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ ካስጠጉት ሰዎች ጋር ይጣላል። በ1873 ብራስልስ ውስጥ ገጣሚው ጓደኛው ፖል ቬርሌን ሰክሮ በሽጉጥ እጁ አንጓ ላይ አቆሰለው። ቬርሌን እስር ቤት ገባ። ራምቦም በዚያው ዓመት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፣ ሌሎችም ጻፈ። ሃያ አንደኛ ዓመቱ ግድም ላይ በቃ፣ ተወው። ከዚያ በኋላ ግጥም የሚባል አልጻፈም።

እስቲ አስቡት። ፔሌ ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ በቃኝ ብሎ ሳንቶስ ወደብ ላይ ጭነት ቆጣሪ ቢሆን ማለት እኮ ነው።

ለምን ተወ? ፈረንሳዮች ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ይከራከሩበታል። እኔ የምሰጠው መልስ የለኝም። የሚያስገርመኝ ሌላው ነው፤ ከተወ በኋላ የሠራው። ጃቫ ለመሄድ በሆላንድ ቅኝ ጦር ተቀጠረ፣ እዚያ ደርሶ ከዳ። ቆጵሮስ ደሴት ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1880 ኤደን ወረደና አልፍሬድ ባርዴ የተባለ ነጋዴ ዘንድ ቡና የሚለቅሙ ሠራተኞችን ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ባርዴ ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ላከው። ከዘይላ ተነስቶ በሶማሌ በረሃ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በጀጎል በር ገባ። ሐረር ያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ልጁ 26 ዓመቱ ነው።

ሃያ ስድስት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የባጃጁ ሰውዬ ዘንድ ስንደርስ ይመለሳል።

ከዜሮ

ዛሬ "ራምቦ ቤት" ተብሎ የሚጎበኘው መኪና ግርግር አጠገብ ያለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ባለ ቀለም መስታወቶቹ ያምራሉ፤ ጣሪያው ላይ ሥዕል አለ። ውስጡ የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ለእነሱ ሲባል ብቻ መግባት ይገባል። ቤቱን ግን ራምቦ አልኖረበትም። አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው የሠራው፣ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ለአርሰናሉ ልጅ ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። "ታዲያ የት ይኖር ነበር?" አለኝ። የባርዴ መሥሪያ ቤት እኛ የቆምንበት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ እንደነበረ ነገርኩት። ዞር ብሎ አየና "እዚህ ምንም የለም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ራምቦ ሐረር ሲገባ ስለ ንግድ የሚያውቀው ነገር እምብዛም ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይገዛል። ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ያስመጣል። ሒሳብ ይይዛል፣ ሚዛን ይጠብቃል። ለእናቱ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። እንዴት ዓይነት መጻሕፍት? ግጥም እንዳይመስላችሁ! ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ግንበኝነት፣ ስለ ሻማ አሠራር፣ ስለ ቆዳ ፋቂነት፣ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሳይቀር አዟል። በረኛም፣ ተከላካይም፣ አጥቂም ልሁን እንደሚል አዲስ ልጅ ነው የሚያስመስለው። ስቄበታለሁ፤ ግን ደግሞ ገባኝ። ከ12ኛ ክፍል ወጥቼ መጀመሪያ ዝግጅት ክፍል ስገባ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስለ አትሌቲክስም፣ ስለ ቦክስም፣ ስለ ቴኒስም እጽፋለሁ ብዬ ማልኩ። ኦፍሳይድ ራሱ በሕጉ መጽሐፍ እንዴት እንደተጻፈ አላውቅም ነበር።

ከፈረንሳይ ፎቶ ማንሻም አስመጣ። በ1883 ከሐረር ራሱን አንስቶ ለእናቱና ለእህቱ ላከ። ፎቶዎቹ ደብዝዘዋል። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነጭ ሆነው ቀሩ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው ሐረር ውስጥ ቆሞ የሚያየው ገጣሚ አይደለም፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ባዶ እግሩን የቆመ ነጋዴ ነው። ባልደረባው ሶቲሮ ከኦጋዴን ይዞት በመጣው መረጃ ላይ ተመሥርቶ የጻፈው ዘገባም በ1884 ፓሪስ በጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ግጥም የለበትም፤ ጎሣ፣ ወንዝ፣ የግመል መንገድ ነው።

በዚህ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ቬርሌን የድሮ ጓደኛውን ግጥሞች በ1884 በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1886 ደግሞ ሌሎቹ በመጽሔት ታተሙ። ወጣቶቹ ገጣሚዎች አበዱለት። ብዙዎቹ ሞቷል ብለው ነው የሚያስቡት። በዚያው በ1886 ግን ሰውዬው ታጁራ ባሕር ዳርቻ ላይ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ታቅፎ ግመል ይጠብቃል! ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ምንም ሳያውቅ ሆቴሉን እየሠራ ሐውልቱ ሌላ አገር እንደሚቆምለት በሉት።

አለቃው ባርዴ ሠራተኛው ገጣሚ እንደነበረ ከአንድ ጋዜጠኛ ነው የሰማው። ራምቦን ስለዚያ ዘመን ማናገር ግን ፊቱን ማስጠቆር ነበር። ስለ ድሮው መጠየቅ አይወድም። የድሮ ተጫዋች አግኝታችሁ "ያቺን ፔናልቲ ለምን ሳትካት?" ብላችሁ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ።

14 ሺህ ጠገራ

ጠመንጃዎቹ የንጉሥ ምኒልክ ናቸው፤ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ንግዱን ለመሥራት የተዋዋለው ላባቱ የሚባል ሰው ታመመና ሞተ። አብሮ ሊጓዝ የነበረው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ አራት ወር ገደማ ተጉዞ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ የሉም። ከወር በፊት ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ ተመልሰዋል። እንጦጦ ሄደ። ለጠቅላላው 14 ሺህ ጠገራ ብር ተስማሙ። ከዚያ የሟቹ የላባቱ ባለዕዳ ነን ባይ ከየአቅጣጫው ብቅ አለ። የቀረውን ገንዘብ ደግሞ ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ተባለ። ሐረር ሲደርስም መኮንን እጅ ላይ ጥሬ ብር የለም፤ ምጽዋ የሚመነዘር ወረቀት ሰጡት። ምጽዋ ሲደርስ ደግሞ ፓስፖርት የለህም ተብሎ ተያዘ።

ፊርማ ገንዘቡ "ሰኞ ና" የተባለ ተጫዋች ይህን ሲያነብ ፈገግ እንደሚል እገምታለሁ።

በመጨረሻ በነሐሴ 1887 ካይሮ ገባ። ወገቡ ላይ በታጠቀው ቀበቶ ውስጥ 16 ሺህ ፍራንክ ወርቅ ነበረው። ስምንት ኪሎ ይመዝናል፣ ሆዴንም ያመኛል ብሎ ጽፏል። የሰባት ዓመት ድካሙ ወገቡ ላይ ነው ያለው። ባንክ አያምንም፣ ሰው አያምንም። ያንን ይዞ አገሩ መግባት ይችል ነበር። አልገባም። በ1888 ወደ ሐረር ተመለሰና የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሰው ሲጠፋ የሚፈልገው እንጂ የሚናደድበት ሐረር አይደለችም መሰለኝ፤ በደብዳቤዎቹ ግን ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ከሚለው ሌላ እምብዛም አይልም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ልቡን የከፈተው። ወንድ ልጅ ወልጄ፣ እንደ ልቤ አስተምሬ፣ ታዋቂ መሐንዲስ ሲሆን ባየሁ ይላል። ዓለም በግጥሙ የሚያውቀው ሰው ለልጁ የተመኘው መሐንዲስነት ነው። እናቴ ይህን ብታነብ "አየህ!" ነበር የምትለኝ።

ንጉሥ ኤሪክ

አሁን ወደ ኳሱ። የካንቶናን ታሪክ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገኝን ብቻ ላንሳ። የተወለደው በ1966 ማርሴይ ነው። በታኅሣሥ 1991 ፈረንሳይ ውስጥ ኳስ ዳኛ ላይ ወርውሮ ሲቀጣ፣ በ25 ዓመቱ ጫማዬን ሰቅያለሁ ብሎ አውጆ ነበር። ለምነው ነው እንግሊዝ የላኩት። ከሊድስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። በኅዳር 1992 በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ማን. ዩናይትድ ገባ። አራት የሊግ ዋንጫ አመጣ። በጥር 1995 ሴልኸርስት ፓርክ ላይ የክሪስታል ፓላስ ደጋፊውን በካራቴ መታ፤ ስምንት ወር ታገደ። ተመልሶ በ1996 የኤፍ.ኤ. ዋንጫ ፍጻሜ ሊቨርፑልን በአንዲት ጎል ቀበረ። በግንቦት 1997፣ ሻምፒዮን በሆነ በቀናት ውስጥ፣ 31 ዓመት ሳይሞላው በቃኝ አለ። የዩናይትድ ደጋፊ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ያን ቀን ራት አልበላም።

ምን ሊሠራ? ፊልም። በ1998 "ኤልሳቤጥ" በተባለው ፊልም የፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ ብቅ አለ። ሰው ሳቀበት። ትልቅ ሚና አልነበረም፤ አነጋገሩም እንግሊዝኛው ላይ ይጎተታል። እሱ ግን ቀጠለ። ትናንሽ ሚና፣ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ሰው የማያያቸው ፊልሞች፣ ቴአትር። በመሃሉ የፈረንሳይን የባሕር ዳርቻ ኳስ ቡድን እያሠለጠነም እየተጫወተም በ2005 የዓለም ዋንጫ አስበላ። ኬን ሎች "ኤሪክን ፍለጋ" የሚለውን ፊልም ሲሠራ 2009 ነው። ቁጥሩን አስሉት፤ ከኦልድትራፎርድ ከወጣ 12 ዓመት። በዕድሜው በኳስ 12 ዓመት ብዙ ነው። በተዋናይነት ገና ልጅ ነው።

የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። እኛ ኳስ አፍቃሪዎች ስለ ሁለቱም ራምቦና ካንቶና ስናወራ "ለምን ተዉት?" ብቻ ነው የምንለው። የተዉትን ነው የምናየው። ጥያቄው ግን መሆን ያለበት "ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ሥራ እንዴት ተማሩት?" ነው። ማንም በመጀመሪያው ሙያው ስም ሁለተኛውን በነጻ አላገኘም። የራምቦ ግጥም ሐረር ገበያ ላይ አንድ ፈረሱላ ቡና አልገዛለትም። የካንቶና ጎል ካሜራ ፊት መስመሩን አላስታወሰለትም።

የኛም ሰዎች አሉበት። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በዚያ ጨዋታ እሱም ወንድሙ ኢታሎም አግብተዋል። ሉቺያኖ የድሬዳዋ ጥጥ ተጫዋች ነበር፤ ከዚህ ከሐረር ድሬ ብዙ ሩቅ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ያነሱታል። በወጣትነቱ መካኒክነት ተምሯል። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ጣሊያን ሲገባ ምን አዳነው? ዋንጫው? አይደለም። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፍቶ መኪና እየጠገነ ኖረ። በ2022 እዚያው አረፈ።

የ7 ቁጥሩ ባጃጅ

የባጃጁ ነጂ ከራምቦ ቤት ስወጣ ሸዋ በር ድረስ ሊያደርሰኝ ጠብቆኛል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። አርባ ዓመት አልፎታል፤ "እርስዎ" ብዬ ስጀምር ቆጣ አለ። "አቦ አንተ በለኝ! ሐረር ነው ያለኸው!"

ሐረር ቢራ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ይጫወት በነበረበት ዘመን እሱ በታችኛው ዲቪዚዮን የግራ ክንፍ ነበር። የትኛው ክለብ? ይቅር። ሕልሙ አንድ ቀን ከፍ ያለው ክለብ ሲያየው መጠራት ነበር። በ26 ዓመቱ አንድ ልምምድ ላይ፣ ጨዋታ እንኳ አይደለም፣ ጉልበቱ "ቀጭ" አለ። ጅማት ነው። ክለቡ ሁለት ወር ደሞዝ ከፈለውና ዝም አለ።

"ስልክ ስደውል ያነሱ ነበር መጀመሪያ። 'እንመካከራለን' ይሉኛል። ከዛ ማንሳት ተዉ። እኔም መደወል ተውኩ።"

አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። ሰው ሲጠይቀው "ተጫዋች ነኝ" ይላል። ጫት ቤት ተጋብዞ ይገባል፣ ስለ ጎሎቹ ያወራል። "ትልቁ ስህተቴ ያ ነው" አለኝ መሪውን እያሽከረከረ። "ወላሂ ጉልበቴ አይደለም። ያ ዓመት ነው።"

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ልብስ ልታስጠብብ መኪና ግርግር ይዛው ሄደች። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው። እሷን ሲጠብቅ አንድ ሽማግሌ መሰላል ላይ ወጥተው ታፔላ ሲጽፉ አየ። ልጅ ሆኖ ደብተሩ ላይ የተጫዋቾች ስም አስጊጦ ይጽፍ ነበር። ቆሞ አየ። በማግሥቱም ሄዶ አየ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው "ከቆምክ አይቀር ባልዲውን ያዝልኝ" አሉት።

ሁለት ዓመት ተኩል ባልዲ ያዘ፣ ብሩሽ አጠበ፣ ቆርቆሮ ፋቀ። ክፍያው ምሳ ነው። "ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር?" አልኩት። ድህነቱን ወይ ሥራውን የሚለኝ መስሎኝ ነበር። "ስታዲየም ያጨበጨበልኝ ሰው ባልዲ ተሸክሜ ሲያየኝ፣ ሰላም ልበለው አልበለው ግራ ሲገባው። እኔ አይደለሁም ያፈርኩት፣ እሱ ነው። እሱ ሲያፍር ግን እኔ ላይ ይመጣል።"

የመጀመሪያ ታፔላውን ብቻውን ሲጽፍ ምን እንደጻፈ ታውቃላችሁ? "የሴቶች ውበት ሳሎን" ማለት ሲገባው "የቤቶች ውበት ሳሎን" ብሎ ቁጭ። ባለቤቷ ስቃ ስቃ ለአንድ ወር እንዳለ ተወችው፤ ሰው ለማየት እየመጣ ገበያዋ ደራ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ባልዲውን እንደገና አስያዙት፤ ስድስት ወር።

ከዚያ በኋላ ነው የሠራው። ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ ሥጋ ቤት። አሁን ጀጎል ውስጥ ስታልፉ አንዳንዱን የሱን እጅ ታያላችሁ፤ "ሐ"ን ሲጽፍ መሃለኛው እግር ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። "ክንፍ ስለነበርኩ" ይላል ሲቀልድ።

ግን ይህም አልዘለቀም። የባነር ማተሚያ መጣ። ባለ ሱቁ ከኮምፒውተር ፎቶና ጽሑፍ አሳትሞ በአንድ ቀን ይሰቅላል። ታፔላ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ሰውዬው ብድር ገብቶ ባጃጅ ያዘ። ሦስተኛ ሥራ። ጠዋት ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲገኝ ይጽፋል። የሚገርመው፣ በእጅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚፈልጉት ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። የተጫዋች ስም፣ የልጅ ስም፣ የአላህ ስም። ሐረር ውስጥ ከሚሮጡት ባጃጆች የስንቶቹን ጀርባ እንደጻፈ አያውቀውም።

ይህን እያወራ ፌርማታ ላይ አንድ ያረጀ ፔጆ 404 ታክሲ አለፈን። እነዚህ ታክሲዎች እዚህ ከተማ ለምን እንደማይሞቱ ብዙ ሰው ይገረማል። ስለ አለመሞት ካነሳን ደግሞ የአብዱላሂ ሸሪፍን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰውዬው የድሮ የሐረሪ ዘፈኖች የተቀረጹባቸውን ካሴቶች ከመሰብሰብ ነው የጀመሩት። ከዚያ ወደ ጥንታዊ ጽሑፎችና ዕቃዎች አለፉ፤ በ1998 በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። በ2007 የራስ ተፈሪ ቤት ተሰጣቸው፤ ዛሬ ማንም ገብቶ ያየዋል። መጽሐፍ የመድፈን ጥበብ ከከተማው ሊጠፋ ሲል ራሳቸውን አስተምረው ሠሩት። በጎልማሳነት ባልዲ መያዝ የጀመሩ ሰው ብዬ ነው በልቤ የመዘገብኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጉልበቱ

ለነጂው የራምቦን መጨረሻ የነገርኩት ሸዋ በር ከደረስን በኋላ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቡና ስንጠጣ ነው።

በየካቲት 1891 ራምቦ ቀኝ ጉልበቱን አመመው። የደም ሥር መስሎት ለእናቱ የሚታሰር ካልሲ ላኪልኝ ብሎ ጻፈ። መሥራቱን አላቆመም። እግሩ ሲያብጥና መራመድ ሲያቅተው አልጋውን በገንዘብ ሳጥኑና በመስኮቱ መካከል አስቀመጠ፤ ተኝቶ ግቢው ውስጥ ያለውን ሚዛን ለመቆጣጠር። ሰውዬው ቡና ሲመዘን እያየ እግሩ እየሞተ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ በርካሽ ሸጦ፣ ራሱ ባዘጋጀው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ሰዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። ዘይላ ለመድረስ 12 ቀን ፈጀ፤ መንገድ ላይ ዝናብ መታው። ከኤደን በመርከብ ማርሴይ ገባ። ካንቶና 75 ዓመት ቆይቶ የሚወለድባት ማርሴይ ማለት ነው። ግንቦት ላይ እግሩ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን ሞተ፤ 37 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ለመርከብ ኩባንያ ደብዳቤ አጽፏል። በስንት ሰዓት መርከቡ ላይ እንደሚጫን ይንገሩኝ ይላል። ሐረር አብሮት ለነበረው አገልጋዩ ለጃሚም ገንዘብ ተናዞለት ነበር።

ነጂው ስኒውን አስቀመጠ። እጁ ሳያስበው ግራ ጉልበቱ ላይ ሄደ።

"ሐኪም አልነበረም?"

"ሐረር ውስጥ ደህና ሐኪም አልነበረም። ቶሎም አልሄደም።"

"መጀመሪያ ያመመው ቀን ቢሄድስ?"

"እኔ እንጃ። ካንሰር ነበር ይላሉ።"

ትንሽ ዝም አለ። "አልጋውን ሚዛኑ ጋ አስጠጋ አልክ?"

"አዎ።"

"እኔ ያን አንድ ዓመት አልጋዬን ቴሌቪዥኑ ጋ ነበር ያስጠጋሁት" አለና ሳቀ። ጉልበቱን አሁንም እንደያዘ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት፣ ባጃጁን ከማውጣቱ በፊት፣ የሰፈር ሕፃናትን እንደሚያሠለጥን የነገረኝ ያኔ ነው። ከሕፃናቱ የሚጠይቀው ክፍያ የለም፤ አንድ ደንብ ግን አለው። ትምህርት ቤት ወይ ሙያ የሌለው ልጅ አይሰለፍም። ወላጆች በዚህ ይወዱታል፣ ሕፃናቱ ግን ይሸሹታል። አንዱ ጎበዝ አጥቂ በዚህ ምክንያት ወደ ሌላ አሠልጣኝ ሄዶበታል። "ሲጠራ ሰማሁ፣ ድሬ ወስደውታል" አለኝ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት መለየት አልቻልኩም።

ሒሳብ ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት ከለከለኝ። ቡናውንም፣ ባጃጁንም። ስከራከረው ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፤

"ጋዜጣው ላይ ስሜን እንዳትጽፍ። ታፔላ የሚያጽፍ ሰው ካለ ግን ሸዋ በር 7 ቁጥር ባጃጅ በለው።"